የማይዘቅጠው አፈር

በ1976 በልጉ አልዘነበም። ክረምቱም ደመናውን አሳይቶን አለፈ። ገብሱ ስንዝር ሳይሞላ ደረቀ። በሬ ነድቶ ጫጫ ገበያ የወጣ ሰው በሬውን መልሶ ነድቶ ገባ፤ የሚገዛ አልነበረም። ኅዳር ላይ መቃብር የሚቆፍር ጉልበት ጠፋ።

በዚያው ሰሞን የእርዳታ እህል የተከማቸበት አንድ መጋዘን ተቃጠለ። እንጨት እሳት እንዳይበላው የሚያደርግ አናጺ አንኮበር አለ ተባለና እኔን፣ ወልደ ሰንበትን፣ ደብረ ብርሃን ወሰዱኝ። ዐሥር የመጋዘን በር ሠርተህ ትሄዳለህ አሉኝ። ሳንቃው በጊዜ ስላልመጣ ወራት አለፉ። የግቢው መውጫ ላይ ዘበኛ ቆሟል። ያለ ይለፍ ወረቀት ከከተማው መውጣት አይቻልም። ይለፉን የሚፈርመው የቀበሌው ሊቀመንበር፣ ጓድ ዘርአ ዳዊት ነው።

ጥበቡን ያስተማረኝ የአልዩ አምባው ነጋዴ አብዱልጀሊል ነው። ነጭ ሸክላ አፈር በውኃ ይበጠበጣል፤ ሦስት ቀን ይተዋል። ሻካራው ይዘቅጣል። ላይ የሚቀረው አጓት የመሰለ ውኃ ነው። በውስጡ ያለው አፈር በጣት ቢታሽ አይሰማም፤ ከመድቀቁ የተነሣ አይዘቅጥም። ፀሐይ ላይ የጋለ ሳንቃ እዚያ ሲነከር ውኃውን ከነአፈሩ ይጠጣዋል። ይደርቃል፤ ደግሞ ይነከራል፤ ሰባት ጊዜ። አብዱልጀሊል ለዚህ የጠየቀኝ አንድ በር ብቻ ነበር። ሱቁ ሁለት ጊዜ ተቃጥሎበታል። እሺ ብዬ፣ ‹ሳንቃው እየደረቀ ነው› እያልሁ፣ ሌላ ሰው በመጣ ቁጥር የሌላውን እያስቀደምሁ ዐሥራ ስምንት ዓመት ሆነ።

የካቲት ላይ የአብዱልጀሊል ልጅ ዙቤዳ መጣች። ዘበኛው በአጥሩ ቀዳዳ እንድናወራ ፈቀደ።

«ጋሼ ወልደ ሰንበት፣ በሩ እስካሁን እየደረቀ ነው?»

የእጄን ጭቃ በሱሪዬ ጠረግሁ።

«አባቴ ተኝቷል። ረመዳንን የሚደርስ አይመስለኝም። ‹የኔ በርስ?› ይላል።»

በማግስቱ ይለፍ ልጠይቅ ሄድሁ። ዘርአ ዳዊት የመንከሪያ ገንዳዎቹን እያየ ነበር።

«ወፍራሙን ትተህ በቀጭኑ ነው የምትነክረው?»

«ወፍራሙ እንጨት ውስጥ አይገባም፣ ጓድ።»

«ኃይሉ ሥሩ ነው ያለው። ጠላ አታውቅም እንዴ፣ ሽማግሌው?»

«አተላውን ለላም ነው የምንሰጠው።»

ሠራተኞቹ ሳቁ። ሳቃቸው ለእኔ አልበጀኝም።

«ይኼ አሻጥር ነው!» አለ። በዚያ ዘመን በዚህች ቃል ሰው ይታሰር ነበር። «የቀሩትን ዘጠኙን በወፍራሙ ንከር። ፍተሻው ሳያልፍ ይለፍ የለም። ከነደደ ደግሞ የምትሄድበትን ታውቀዋለህ።»

አንዱ በር አስቀድሞ ቀጭኑን ሰባቴ ጠጥቶ ነበር። ዘጠኙን እንዳዘዘኝ ነከርሁ።

የፍተሻው ቀን ከአውራጃው አንድ ሹም መጣ። ወፍራሙን ባቀርብ እታሰራለሁ። ቀጭኑን ብቻ ባቀርብ ዘጠኙ በሮች እህል ላይ ይዘጋሉ፤ እህሉም አንድ ቀን ይነድዳል። ሁለቱን ጎን ለጎን አቆምሁና ጭራሮ አነደድን። በወፍራሙ በተነከረው ላይ ጭቃው ተሰነጠቀ፣ ረገፈ፤ ሳንቃው ተቀጣጠለ። ሁለተኛው ጠቆረ እንጂ አልነደደም። በመጥረቢያ ስፍቀው ከጥቁሩ ሥር ጤነኛ እንጨት ወጣ።

«ለምን ሁለት ዓይነት ሆነ?» አለ ሹሙ።

ዘርአ ዳዊት ላብ አጥምቆት አየኝ።

«ጓድ ሊቀመንበር አወዳድረህ አሳይ ብለውኝ ነው» አልሁ።

ሹሙ የሊቀመንበሩን እጅ ጨብጦ ሄደ። እኔ ዘርአ ዳዊትን ቢሮው ድረስ ተከተልሁት።

«ምን ትፈልጋለህ?» አለ ሳያየኝ።

«ይለፍ። የጠቆረውንም በር። መጋዘን ላይ አይሰቀልም።»

«አምስት ቀን። ተመልሰህ ዘጠኙን እንደገና፣ የዚህንም ምትክ ትሠራለህ። ከቀረህ አስይዝሃለሁ።»

እስከ አንኮበር የጭነት መኪና እኔንና በሩን ወሰደን። ከዚያ ወደ አልዩ አምባ ቁልቁለቱን ሁለት ሰዎች በሩን ተሸከሙልኝ።

አብዱልጀሊል መደብ ላይ ተጋድሟል። በሩን አስጠጋንለት። ሲዳስሰው መዳፉ ጠቆረ።

«ዐሥራ ስምንት ዓመት ጠብቄ የተቃጠለ በር?»

«እሳት ገብቶ የወጣ ነው። ያልተፈተነ እንዳላመጣልህ ብዬ።»

«ውሸታም። ሌላ ከልክለውህ ነው።»

«ከልክለውኝ ነው።»

ሳቀ፤ ሳቁ ሳል ሆነ።

የሱቁን አሮጌ በር ነቅዬ የእሱን ሰቀልሁ። ከይለፌ ቀናት የቀረኝ ለመመለሻ የሚበቃው ብቻ ነበር። ዙቤዳ ከፈተችው፤ ዘጋችው። ሲገጥም አብዱልጀሊል ድምፁን ከተኛበት ሰማ።

«ወልደ ሰንበት» አለ፤ «ሐቄን ተቀብያለሁ። አላህ ምስክሬ ነው።»