ለእማማ ኦፋ ቤት የሚሆን መሬት

ዋኔታ ችካሎቹን የተከለችው የተቃጠለው ቤት ቆሞበት በነበረው ቦታ ላይ ነው። አንድ ክንድ ወደ ግራ፣ አንድ ክንድ ወደ ቀኝ አላለችም። ታናሽ ወንድሟ ዴልበርት፣ "ትንሽ ወደ ታች ብናወርደው ምናለ? እዚያ መሬቱ ለጥ ያለ ነው" ቢላት፣ ሲባጎውን ከችካል ወደ ችካል እየወጠረች፣

"አፍህን ዝጋና ጫፉን ያዝ" አለችው።

ያዘ።

ቤቱ የሚመጣው ቅዳሜ ነው። ፋብሪካ ተሠርቶ ያለቀ ቤት ነው፤ ከነበሩ ከነመስኮቱ በከባድ መኪና ተጎትቶ፣ ሸለቆውን ይዞ ሽቅብ። የሚያመጣው ሰውዬ ክሊታስ በስልክ ቁርጡን ነግሯታል። መሬቱ ተደልድሎ፣ የመሠረቱ ጉድጓዶች ተቆፍረው፣ ኮንክሪታቸው ጠንክሮ ከጠበቀው ቤቱን ያስቀምጣል። ካልሆነ አዙሮ ይመለሳል። አንዴ በረዶ ከጣለ ደግሞ ያንን ዳገት ቤት ጎትቶ የሚወጣ ሰው የለም። በረዶው እስኪቀልጥ መጠበቅ ነው።

ዋኔታ መጠበቁን ትችለው ነበር። እናቷ እማማ ኦፋ ግን እስከዚያ የሚቆዩ አልመሰላትም።

እሳቱ ቤታቸውን ከበላ ወዲህ እማማ ኦፋ ከተማ ያለው የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ናቸው። ዓይናቸው ከጠፋ ቆይቷል። በገዛ ግቢያቸው ግን ዕውር አልነበሩም። ከበረንዳው ደረጃ ወርደው ወደ ውሃ ፓምፑ፣ ከፓምፑ ወደ ባቄላው መደብ፣ ከዚያ አጥሩን በመዳፋቸው እየዳሰሱ ኮረብታው ላይ ወዳለው የቤተሰቡ መቃብር፣ ወደ ባላቸው ዘንድ። በየማለዳው፣ ማንም እጃቸውን ሳይዛቸው። መጦሪያው ውስጥ ኑሯቸው ከአልጋ ወደ ወንበር፣ ከወንበር ወደ አልጋ ሆነ። ባለፈው እሁድ ዋኔታ የቦሎቄ ሾርባና የበቆሎ ዳቦ ይዛላቸው ሄዳ ነበር። ድሮ ዳቦውን አሬራ ውስጥ ነክረው ሳይጨርሱ ቀና የማይሉት ሴትዮ ያን ዕለት በጣታቸው ነካክተው ተዉት።

"እግሬ መሄድ እየረሳ ነው" አሏት።

ችካሉ ፈቀቅ የማይለው ለዚህ ነበር። አዲሱ ደረጃ በድሮው ደረጃ ቦታ ካረፈ፣ እናቷ መንገዳቸውን ማንም ሳያሳያቸው ያገኙታል።

ሰኞ ዕለት በምትሠራበት ትምህርት ቤት ድስት ስታጥብ ውላ፣ ልብሷን እንኳ ሳትቀይር ዶማ አነሳች። ወገቧ ቀድሞም ያማት ነበር። ዳር ዳሩን ያሉት ጉድጓዶች ደም አስተፏት፤ መሬቱ ቀይ፣ ድርቅ ያለ፣ ዶማውን መልሶ የሚያነጥር። ወደ መሀል ስትገባ ግን ዶማው ቅቤ እንደወጋ ሰመጠ።

"ይኼኛውስ ራራልኝ" አለች።

ደስታዋ እስከ ሁለተኛው አካፋ ነበር። አፈሩ ጥቁር ሆነ። ከሰል ወጣ፣ የቀለጠ ጠርሙስ ወጣ፣ ቀጥሎ ነጭ የሸክላ የበር እጀታ። በቀሚሷ ጠርጋ አየችው። የናቷ መኝታ ቤት በር እጀታ ነው።

"ዴልበርት!"

"እ?"

"ይኼ ምንድነው?"

"እጀታ ነው።"

"እጀታ መሆኑንማ አየሁት። እዚህ ምን ይሠራል?"

ዴልበርት ቆቡን አወለቀ፣ መልሶ አደረገው፣ መኪናውን ምን ያህል አርቆ እንዳቆመው ተመለከተ።

"ምድር ቤቱ ጉድጓድ ውስጥ ከተትኩት።"

"ምኑን?"

"ቤቱን።"

ነገሩ እንዲህ ነው። እሳቱ የተነሳ ሰሞን ዋኔታ ሆስፒታል እናቷ አጠገብ ነበረች። ዴልበርት የጎረቤት ዶዘር ተውሶ የከሰለውን ወራጅ፣ የጣሪያውን ቆርቆሮ፣ ፍሪጁን፣ በዚያው ላይ የነቀላቸውን ዛፎች ጉቶ ሁሉ ከቤቱ ሥር በነበረው የምድር ቤት ጉድጓድ ውስጥ ገፍቶ ጨመረው። አፈር አለበሰው። የሳር ዘር በተነበት። በዚያ ሸለቆ ይኼ ነውር አይደለም፤ ቆሻሻ ወደ ከተማ መጫን የሰለቸው ሁሉ የሚያደርገው ነው። ብቻ ማንም አውቆ በላዩ ቤት አያስቀምጥም።

"አንተ እኮ 'አጸዳሁት' ነው ያልከኝ!"

"ከላይ ጸድቷላ።"

"ከላይ!"

"ተመልሰሽ እንዳታዪው ብዬ ነዋ፣ ዋኒ። ሳሩን ስታዪ 'ተባረክ' ብለሽ አላቀፍሽኝም?"

አቅፋዋለች። እሱን ማስታወሷ ይበልጥ አናደዳት።

"ችካል ስተክል ታዲያ አፍህን ምን ዘጋው?"

"ወደ ታች እናውርደው አላልኩሽም?"

"'ወደ ታች እናውርደው' እና 'ፍሪጅ ላይ ልትቆሚ ነው' አንድ ነው?"

"ትገድይኛለሽ ብዬ ፈራሁ።"

"አሁንስ አትፈራም?"

"አሁንማ ደክሞሻል።"

እጀታውን ወረወረችበት። ሳተችው። ሄዳ አንስታ ኪሷ ከተተችው።

ሌላ ሰው ቢሆን ችካሉን ወደ ታች ያወርድ ነበር። እሷ አላደረገችውም። ማክሰኞ የተቀበረውን ቤት ልታወጣ ተነሳች። ዴልበርት መጣ፤ አካፋውን ይዞ ጎኗ ቆመ። ቆርቆሮ ጎተቱ፣ የረጠበ ወራጅ ጎተቱ። ከአንዱ ሥር ሌላ ይመጣል። ማለቂያ የለውም። እጇ ሲላጥ ጨርቅ ጠመጠመችበት፤ ጨርቁ ሲቀላ ገለበጠችው። ፀሐይ ሲያዘቀዝቅ ጉድጓዱ አፉን ከፍቶ እንደ ጠዋቱ ሙሉ ነበር። እዚያው ዳር ተቀምጣ ክሊታስ ዘንድ ደወለች።

"ኮንክሪቱን ወፈር ባደርገውስ፣ ጌታው?"

ሰውዬው ወደ ስልኩ ተነፈሰ። "ስሚኝ እህቴ። ከሥር የሚበሰብስ እንጨት ካለ፣ ወፍራሙ ኮንክሪት ወፍራም እንደሆነ ይሰምጣል። መጀመሪያ በርሽ አልዘጋም ይልሻል፤ ቀጥሎ ቧንቧሽ ይሰበራል፤ ከዚያ እኔን ትረግሚኛለሽ። ቤት የማስቀምጠው ሰው ያልነካው መሬት ላይ ነው። አለሽ የለሽም?"

"አለኝ" አለች። ቃሉ ከአፏ ሲወጣ ጥርስ እንደመንቀል ነበር።

ዴልበርት ዳቦ በስጋ ሰጣት። ግማሹን በላች፣ ግማሹን ረስታ እጇ ላይ ያዘችው። ከዚያ ተነሳችና የመጀመሪያውን ችካል ራሷ ነቀለች። ቁልቁል ወርዳ፣ ዶማ የሚጮህበት ደረቅ መሬት ላይ ተከለችው።

"ጫፉን ያዝ።"

ዴልበርት "ነግሬሽ ነበር" አላለም። ቢል ኖሮ ጉድጓዱ ለሱም ይበቃው ነበር።

ረቡዕ ቆፍረው ኮንክሪቱን ሞሉ። ውሃ ከሥር እንዳይተኛ የመሬቱን መሀል ከፍ፣ ዳሩን ዝቅ አድርገው ደለደሉት፣ ጠጠርም አለበሱት። ቅዳሜ ክሊታስ እየተሳደበ ዳገቱን ወጣ፤ የብረት ዘንጉን መሬቱ ላይ ወጋ፣ አልገባለትም፣ በእሺታ ራሱን ነቀነቀ። ብሎኬት ተደረደረ፣ ቤቱ በላዩ አረፈ፣ በብረት ማሰሪያ ከመሬቱ ጋር ታሰረ። ዴልበርት ከጣውላ ደረጃ መታ። ዋኔታ ከደረጃው መደገፊያ እስከ ውሃ ፓምፑ ረጅም ገመድ ዘረጋች። ለእናቷ ግን ምንም አልነገረችም። ምን ብላ ትንገራቸው?

እሁድ እማማ ኦፋ መጡ። በሩን በመዳፋቸው ዳሰሱ፣ አዲስ ቀለም ሸተቱ፣ "ቆንጆ ነው" አሉ፣ ወዲያው ዞረው ደረጃውን ወረዱ። ገመዱን አላወቁም። እንደ ድሯቸው ቀጥ ብለው ሄዱና ፓምፑን ሊጨብጡ እጃቸውን ሰደዱ። እጃቸው አየር ያዘ።

"ፓምፔን ማን ወሰደው?"

"ማንም አልወሰደውም እማዬ። ቤቱ ነው ወደ ታች የወረደው።" ዋኔታ ወደ እናቷ ቀረብ አለች። "በድሮው ቦታ ላስቀምጥልሽ ነበር። አልሆነም። ዴልበርት የተቃጠለውን ቤት ከሥሩ ቀብሮት ነበር።"

"ሙሉውን?"

"ከነፍሪጁ።"

እማማ ኦፋ ፊታቸውን ዴልበርት ወደሚተነፍስበት አዞሩ። "ከልጅነቱም ሳህን ሲሰብር አልጋ ሥር ነበር የሚደብቀው" አሉ።

"እማዬ፣ እኔ—"

"ዝም በል አንተ። ታዲያ ወደ አባታችሁ ዳገቱ ጨመረብኝ ማለት ነው።"

"ጨመረ" አለች ዋኔታ። "ገመድ ዘርግቼልሻለሁ። በስተቀኝሽ።"

አሮጊቷ ፈልገው ያዙት። ሳብ አደረጉት።

"ላልቷል። እንዲህ ያለ ገመድ ሰው ይጥላል። ወጥሪው።"

ዋኔታ በተላጠ እጇ ወጠረችው። እማማ ኦፋ ገመዱን ይዘው ሽቅብ ጀመሩ። አንዴ ቆሙ፣ ተነፈሱ፣ ቀጠሉ። ፓምፑን ሲያገኙ እንደ ሰው መታ መታ አደረጉት። ዋኔታና ዴልበርት ጉድጓዱን መልሰው የሞሉበት ለስላሳ አፈር ዳር ሲደርሱ እግራቸው ትንሽ ሰመጠ። ነቅለው በዳሩ ዞሩ።

"ልከተላት?" አለ ዴልበርት።

"ተዋት።"

ዋኔታ ደረጃው ላይ ተቀመጠች። ኪሷ ያለው እጀታ ጎኗን ወጋት፤ ሊያወጣው የሚችል ክንድ አልነበራትም። የእናቷ መዳፍ አጥሩን ሲነካ አየች። ከዚያ ወዲያ ያለውን አላየችም፤ ራሷን ጣውላው ላይ ደገፍ አድርጋ፣ እዚያው እንቅልፍ ወሰዳት።