ሰማዩ እንዴት ነው?

«አርዲስ፣ ተወሰነ አልኩሽ እኮ! ቀብሩ ላይ አውሮፕላን ያልፍለታል፤ ያውም የጦርነቱ ጊዜ አውሮፕላን።» ወንድሟ ዴልበርት ኩሽናው በር ላይ ቆሞ ከረባቱን ያስራል። «አባዬ አቶሚክ ቦምቡ የተጣለ ቀን ጃፓን ሰማይ ላይ የነበረ ሰው ነው። ይሄ ሲያንሰው ነው!»

አርዲስ የድንች ሰላጣውን ሳህን እንደያዘች ቀረች። አባታቸው ሃርላን ከሞተ ሦስተኛ ቀኑ ነው፤ ከሰዓት በኋላ ይቀበራል። ኩሽናውን የቤተ ክርስቲያን ሴቶች ወርረውታል፣ ሳሎኑን ገበሬዎቹ ሞልተውታል። ትንሽ ላልቅስ ብላ መታጠቢያ ቤት ብትገባ እንኳ በሩ ይንኳኳል።

«ማንን ጠይቀህ ነው?»

«ጀግና ለመሸኘት ፈቃድ ይጠየቃል እንዴ?» ብሏት ወጣ።

ምን ትበለው? እንዳትነግረው አባቷ አስምሏታል።

ከሳሎን ሳቅ ተሰማ። «ሃርላን እኮ አርባ ዓመት ሲያርስ ስለ አየሩ አንድ ቀን አፉን ከፍቶ አያውቅም!» ይላል አንዱ ጎረቤት። «‹ዛሬ ይዘንብ ይሆን?› ስትለው፣ ‹ቀና ብለህ እይ፣ ዓይን የለህም?› ነው መልሱ።»

እውነት ነው። የኔብራስካ ገበሬ ሰላምታው አየሩ ነው፤ ሃርላን ግን ጉድ ነበር። አርዲስ አስር ዓመቷ ሳለ፣ ድርቆሹ ታጭዶ ሜዳ ላይ እንደተሰጣ፣ ከኮረብታው ጀርባ ጥቁር ደመና ሲመጣ መጀመሪያ ያየው እሱ ነበር። ለሠራተኞቹ ትንፍሽ አላለም። የዓመቱ ድርቆሽ እንዳለ በሰበሰ። እናቷ «ምን ዓይነት ሰው ነህ አንተ?» ብላ ጮኸችበት፤ እሱ ጎተራ ገብቶ ቀኑን ሙሉ አልወጣም።

ምክንያቱን አርዲስ ያወቀችው ባለፈው ጥር፣ አባቷ ሆስፒታል አልጋ ላይ ሳለ ነው።

«አርዲስዬ፣ ቦምቡን የጣልነው እኛ አይደለንም። እኛ ቀድመን ሄደን ሰማዩን አይተን ነው የተመለስነው። ሬዲዮው ላይ የነበርኩት እኔ ነኝ። ‹ጥርት ያለ ነው› ብዬ ቁልፉን መትቼ የላክሁት በዚች ጣቴ ነው።» ጣቱ ብርድ ልብሱን ትመታ ነበር።

«ታዝዘህ ነው እኮ አባዬ።»

«ደመና ነው ብል ቦምቡን ይዘው ወደ ሌላ ከተማ ነበር የሚሄዱት። እዚያስ ሕፃን የለም? ብዋሽም ገዳይ፣ ባልዋሽም ገዳይ። ስንት ዓመት መውጫ ፈለግሁ መሰለሽ፤ የለውም።» እጇን ጥብቅ አድርጎ ያዘ። «ስቀበር አውሮፕላን በላዬ እንዳያልፍ። ለዴልበርት ግን እንዳትነግሪው፣ ማይልኝ። በእኔ ኮርቶ ነው የኖረው።»

ግድግዳው ላይ ያለው ስልክ ጮኸ። አርዲስ አነሳችው።

«ለቀብሩ የምመጣው አብራሪ ነኝ፤ እግዚአብሔር ያጽናችሁ። አውሮፕላኗ አሮጊት ናት፣ ደመና ካለ አላስነሳትም። እናንተ ጋ ሰማዩ እንዴት ነው?»

አርዲስ በመስኮቱ አየች። ጥርት ብሏል፤ ብጫቂ ደመና የለም። ሴቶቹ ሥራቸውን አቁመው ያዩዋታል። አባቷም ይህን ተጠይቆ ነበር፤ እሷ ብትዋሽ ግን የሚነድ ሌላ ከተማ የለም።

«ደመና ነው» አለች። «ድፍን ያለ ደመና። ባይመጡ ይሻላል።»

ስልኩን ሰቀለች። አሮጊቷ ጎረቤት ወይዘሮ ኦፕዳል አንዴ መስኮቱን፣ አንዴ እሷን አዩ። ከዚያ ከበሩ ጀርባ የሃርላንን ጥቁር ጃንጥላ አንስተው ሰጧት።

«ያዢ ልጄ፣ ሊዘንብ ነው።»

መቃብሩ ጋ ዴልበርት ሰማይ ሰማይ ሲያይ ቆየ። ሣጥኑ ሊወርድ ሲል አርዲስ ጃንጥላውን ዘረጋች።

«አብደሻል? በዚህ ፀሐይ!»

ጎንበስ ብላ፣ ሣጥኑ አፈር ውስጥ እስኪገባ ድረስ ጃንጥላውን ለአባቷ ያዘችለት።