ምሰሶው ላይ የሰፈረችው ቁራ

የመስመር ሠራተኛውን የከተማው ሰው «ሻማ» ይለዋል። እናቱ ያወጣችለት ስም ሌላ ነበር፤ ግን መብራት በጠፋ ቁጥር ሰው የሚፈልገው ሁለት ነገር ነው፣ ሻማና እሱን። ውሎ አድሮ ለሁለቱም አንድ ስም በቃ።

ዛሬም መብራት የጠፋው ቁርሱን ሳይጨርስ ነው። ምክንያቱን ለማወቅ ከወንበሩ መነሣት አላስፈለገውም።

«እሷው ናት» አለ ለሻይ ብርጭቆው።

ገበያው ዳር፣ ትራንስፎርመሩ ያለበት ምሰሶ ላይ አንዲት ቁራ ከሰፈረች ወዲህ ያልሞከረው የለም። ጎጆዋን አፈረሰ፤ መልሳ ሠራች። የላስቲክ እባብ ሰቀለ፤ ጎጆዋ ውስጥ አነጠፈችው። አሮጌ ካፖርቱን ያለበሰው የገለባ ሰው አቆመ፤ ትከሻው ላይ ተቀምጣ ላባዋን ታበጥር ጀመር። ራቁታቸውን ላሉት ሽቦዎች መሸፈኛ እንዲላክለት ዋናውን መሥሪያ ቤት ጠይቆ ነበር፤ ጥያቄው የቁራ መልእክተኛ ሆኖ ቀረ።

ምሰሶው ሥር ሲደርስ ታላቅ እኅቱ ቀድማዋለች። ጫጩት አስፈልፋይ ናት፤ ማሽኗ ውስጥ ያሉት እንቁላሎች ዛሬ ነገ ሊሰነጠቁ ነው። ሙቀት ካጡ እዚያው እንዳሉ ይቀራሉ።

«ብርድ ልብሴን አለበስኳቸው፤ የባሌን ሹራብ አለበስኳቸው» አለች። «የፈላ ውሃ በጀሪካን ጎናቸው አስተኛሁ። የቀረኝ እኔው ራሴ መታቀፍ ነው።»

«እትዬ፣ ጥፋቱ የወፏ ነው፤ እኔን ምን አድርግ ትይኛለሽ?»

«ወፏማ ሥራዋን ሠራች። ያልሠራኸው አንተ ነህ።»

ፀጉር አስተካካዩም ደንበኛውን አስከትሎ መጣ። ደንበኛው ፎጣው አንገቱ ላይ ነው፤ ግማሽ ራሱ ተላጭቷል፣ ግማሹ እንደጎፈረ ነው።

«ሻማ ወንድሜ፣ ቶሎ በል እንጂ! ይኼን ሰውዬ ሚስቱ እንዲህ ሆኖ ካየችው በር አትከፍትለትም።»

ሻማ የመስመሩን ኃይል አቋርጦ፣ ቀበቶውን አጥብቆ ምሰሶው ላይ ወጣ። ጎጆዋ ባዶ መሆኑን አይቶ ነቀለና በንዴት ወደ ታች ወረወረው። እኅቱ እግር ሥር ወድቆ ተበተነ። በጫማዋ ጫፍ ገለበጠችው። እንጨቱ ጥቂት ነው፤ የቀረው ሽቦ፣ ጣት የሚያክል፣ ክንድ የሚያክል፣ እየተጠማዘዘ የተሸመነ። የአንዳንዱ ጫፍ በአረንጓዴ ናስትሮ ተጠቅልሏል።

በከተማው አረንጓዴ ናስትሮ የሚጠቀም አንድ ሰው ብቻ ነው።

«አንተ ሻማ!» አለች። በቅጽል ስሙ የምትጠራው ሲመርራት ብቻ ነው። «ይኼ የማነው?»

ሻማ ከላይ ሆኖ አየ። ሽቦ ቆርጦ ቁራጩን ወደ ታች መጣል ልማዱ ነው፤ መሬት የደረሰ ነገር ሁለተኛ ትዝ ብሎት አያውቅም። ቁራዋ ግን አልረሳችም። እሱ በጠገነ ቁጥር ከሥር ትለቅማለች፤ የለቀመችውም ሁለቱን መስመር አገናኝቶ መብራቱን መልሶ ያጠፋዋል።

«ለመሆኑ» አለ ፀጉር አስተካካዩ «ደመወዟን የሚከፍላት ማነው? አንተ ወይስ መሥሪያ ቤቱ?»

ሻማ ፊውዙን ቀየረ፤ የቆረጠውን ሽቦ በሙሉ ኪሱ ከተተ። መብራት ሲመጣ ባለግማሽ ራሱ ሰውዬ ፎጣውን ይዞ ሮጠ፤ እኅትና ወንድም ደግሞ ወደ ማሽኑ።

ብርድ ልብሱን ገልጣ አንድ እንቁላል ጆሮዋ ላይ አደረገች። አስቀመጠችው። ሌላ አነሣች። እሱንም አስቀመጠችው።

«ይኼኛው ይሳደባል» አለች በመጨረሻ፣ ዓይኗ እንባ አቅርሮ። «ሌሎቹም! እንካ፣ ስማ።»

ከውስጥ ቀጭን የተናደደ ድምፅ ይንጫጫል። ከማለዳ ጀምሮ ከተማው ሲጮህበት ነበር፤ ይኼኛውን ግን ወደደው።

እኅቱ ዓይኗን ጠርጋ ባልዲ አስጨበጠችው። «በል ሂድ፣ በየምሰሶው ሥር ልቀም። ሳትሞላው ፊትህን እንዳላይ።»

ከሰዓት በኋላ ሻማ አቀርቅሮ ከምሰሶ ምሰሶ ሲለቅም ዋለ። ቁራዋ እንደ ተቆጣጣሪ ከኋላው እየዘለለች ተከተለችው። ባልዲው ሲሞላ አስቀምጦ ወገቡን ሊያቃና ቀና አለ። ዞር ሲል አረንጓዴ ናስትሮ ያለበትን አንዱን መዝዛ ወደ ትራንስፎርመሩ እየበረረች ነው።

ሻማ ሽቦው ሁሉ የሚንኳኳበትን ባልዲ ይዞ ገበያውን መሀል ለመሀል ሰንጥቆ ሮጠ።

«አንቺ ሌባ! መልሺ! መልሺ አልኩሽ! እንቁላል አለን!»