ቅርጫቱ የማን ነው?

በቤታችን የመቆጣት ሥራ የእኔ ነው። ባለቤቴ ሲከፋው ዝም ይላል፤ አማቴ ሲከፋቸው ይዘምራሉ፤ ስለዚህ ለሁላችንም የምቆጣው እኔ ነኝ። ሥራዬም ያግዘኛል። መኪና መንዳት አስተምራለሁ። ቀኑን ሙሉ «ፍሬን! ፍሬን ያዝ!» ስል ውዬ ቤት ስገባ ድምፄ ቶሎ አይበርድም። በማስተምርባት መኪና ከእኔም እግር ሥር ፍሬን አለ፤ ተማሪው ሲደነግጥ እኔ እረግጠዋለሁ። ልማድ ሆኖብኝ ሌላም ቦታ ፍሬን እፈልጋለሁ። አማቴ ግን እንኳን ፍሬን፣ መሪም የሚያስነኩ ሴት አይደሉም።

በየእሑዱ ከጎሚስታው ሱቅ በላይ ወዳለችው የጸሎት አዳራሽ አደርሳቸዋለሁ። የባለቤቴ አባት የሞቱ ጊዜ አማቴ ከአልጋ አልነሳም ብለው ተኝተው ነበር። የአዳራሹ ሰዎች እየተመላለሱ አልጋቸው አጠገብ ዘመሩ፤ አንድ ቀን አማቴ «ዜማውን አበላሻችሁት» ብለው ተነሡ። ከዚያ ወዲህ መዘምራኑን የሚመሩት እሳቸው ናቸው። ይህን ውለታ እኔም አልክድም። እነሱ ሲዘምሩ መኪና ውስጥ ተቀምጬ ጋዜጣ አነብ ነበር።

ነገሩ የተበላሸው ቅርጫቱ ሲመጣ ነው። የአዳራሹ መሪ ከባለቤቴ በዕድሜ የሚያንስ፣ ሽቅርቅር ያለ ሰው ነው፤ ሁሉም ግን «አባታችን» እያለ አንቱ ይለዋል። አንድ እሑድ ትልቅ ቅርጫት ነጭ ጨርቅ አልብሶ መድረኩ ላይ አስቀመጠና «እምነት ያለው መድኃኒቱን እዚህ ይጣል» አለ። ብዙ ሰው ጣለ፤ ጎረቤታችን አናጢውም የደም ግፊት ኪኒኑን ጣለ፤ ተጨበጨበለት። ብዙም ሳይቆይ እንጨት ሲልግ ወደቀ። ዛሬ ሆስፒታል ነው፤ ቀኝ እጁ አልታዘዝ ብሎታል። መሪው ምን ቢል ጥሩ ነው? «እምነቱ ጎድሎ ነው!»

ደሜ ፈላ። ምሳዬን ትቼ ፖሊስ ጣቢያ ሄድኩና «ያንን ቤት ዝጉልኝ» አልኩ።

መርማሪው ረጋ ያለ ሰው ነበር። «መጸለይ መብታቸው ነው፤ አንዘጋም» አለኝ። «ሰውን ገፋፍቶ መድኃኒት አስጥሎ ጉዳት ማድረስ ግን ያስጠይቃል። አንቺ አላየሽም። እዚያ ተቀምጦ ያየ ሰው መጥቶ ቃሉን ይስጠኝ።»

የአናጢውን ሚስት ለመንኳት፤ ፈራች። ማታ ቤት ገብቼ ሁሉንም ዘረገፍኩት። አማቴ ድንች እየላጡ ነበር።

«አዳራሼን ልታዘጊብኝ ነው?»

«እማማ፣ ሰው እየጎዱ እኮ ነው!»

«አዳራሹ ማንን ጎዳ? እኔን ከአልጋ ያነሣኝ ቤት ነው።»

«ታዲያ ዝም እንበል?»

«ዝም በይ የሚል ከአፌ ወጣ?» አሉና ድንቹን መላጥ ቀጠሉ።

እኔን እንቅልፍ የነሳኝ ሌላ ነገር ነው። አማቴ ስኳር አለባቸው፤ ምግብ ሊበሉ ሲሉ ኢንሱሊን ይወጋሉ። መሪው ደግሞ «በሚቀጥለው እሑድ የመዘምራኑ እናት መርፌያቸውን ይጥላሉ» ብሎ በማይክራፎን አውጇል። ያን መርፌ ከጣሉ እንደምናጣቸው ሐኪሙ ፊት ለፊት ነግሮናል።

እሑድ ጠዋት ቁርስ አልበላም አሉ። መርፌያቸውን ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱ፤ አንድ ዳቦም በናፕኪን ጠቅልለው ጨመሩ። ለመንኳቸው፤ ተቆጣሁ፤ ደግሜ ለመንኳቸው። ባለቤቴ አንዱን ጫማ አድርጎ ሌላውን በእጁ እንደያዘ በር ላይ ደርቆ ቀረ።

«ንጂ እንጂ» አሉኝ መኪና ውስጥ ገብተው። «ደግሞ ዛሬ ጋዜጣሽን ተይና ግቢ።»

ገባሁ። አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ አዳራሹ ውስጥ ሕግ አለ። ለምስክርነት የቆመ ሰው ራሱ እስኪቀመጥ ድረስ ማንም አያቋርጠውም። ሕጉን ያወጣው መሪው ነው፤ እሱ ሲመሰክር አንዱ ሰዓቱን ስላየበት ተቀይሞ።

አማቴ ተነሥተው ወደ ፊት ወጡ። መሪው ፈገግ ብሎ ቅርጫቱን በእግሩ ገፋ አደረገላቸው። አማቴ መርፌውን ከቦርሳቸው አወጡ። የእኔ እግር ወለሉ ላይ ፍሬን ፍለጋ ገባ።

አማቴ ሸሚዛቸውን ከፍ አድርገው ሆዳቸውን ወጉ። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት!

«ፈጣሪ ይመስገን» አሉ መርፌውን እየከደኑ። «ጠዋት ማታ እንዲያኖረኝ እለምነዋለሁ፤ ይኸው በዚህ እያኖረኝ ነው። አሁን ደግሞ መብላት አለብኝ፤ ይቅርታ አድርጉልኝ።» ዳቦውን ፈትተው ቆርሰው ያኝኩ ጀመር።

መሪው ማይክራፎኑን አነሣ። «እናታችን፣ እንግዲህ ይቀመጡ…»

«አልተቀመጡም! ሕግ አለ!» አለች አንዲት ዘማሪ ከኋላ። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። አማቴ አልተጣደፉም፤ አላመጡ፣ ዋጡ፣ ውኃ ተጎነጩ፣ አፋቸውን ጠረጉ። ያ ሁሉ ሰው አንዲት አሮጊት ዳቦ ሲበሉ ቁጭ ብሎ ጠበቀ። እኔ እያለቀስኩ እስቅ ነበር።

«የተቀመጣችሁበትን አግዳሚ የሠራው አናጢው ነው» አሉ ሲጨርሱ። «ዛሬ ማንኪያ መያዝ አቅቶታል። እምነቱ ጎድሎ ነው መባሉን ሰምቻለሁ። አልቀበልም።»

«እኔ የጸለይኩት ብቻ ነው!» አለ መሪው። ሕጉን የጣሰው ራሱ ሆነ። «መድኃኒቱን የጣለው እሱ ነው!»

«ስለ ጸሎቱ ማን ጠየቀህ?» አሉት።

አማቴ እስከዚያች ቀን አንተ ብለውት አያውቁም።

«ጸሎቱ የፈጣሪ ነው። ቅርጫቱ ግን ያንተ ነው። ገዝተህ ያመጣኸው አንተ፣ ጣሉ ያልከን አንተ፣ አጨብጭቡ ያልከን አንተ። እኔም አጨብጭቤያለሁ፤ ሲያንገበግበኝ ይኖራል። አሁን ፖሊስ ጣቢያ ሄጄ ያየሁትንም ያጨበጨብኩትንም እናገራለሁ። አብሮኝ የሚሄድ ካለ፣ ምራቴ መኪና አላት።»

መጀመሪያ የተነሣችው የአናጢው ሚስት ናት። ከዚያ ያቺ ከኋላ የጮኸችው ዘማሪ። ከዚያ መኪናዬ አልበቃ ስላለች ጎሚስታው የራሱን አስነሣ፤ ስንት ዓመት ከጣሪያው በላይ በነጻ መዝሙር ሲሰማ የኖረ ሰው ነው። ቅርጫቱ ዙሪያ ደግሞ ግርግር ሆነ፤ ሁሉም መድኃኒቱን ሊያነሣ ይሻማል። «ተው አንተ፣ እሱ የእኔ የጨጓራ ነው!» ስትል ሰማሁ አንዷ።

ፖሊስ ጣቢያ ስንደርስ መርማሪው ወንበር አጣልን።

መሪው ተከሰሰ፤ ፍርድ ቤት እስኪቀርብ በዋስ ወጣ። አባላቱ ከመድረኩ አወረዱትና ሽማግሌዎች መረጡ። አዳራሹ አልተዘጋም። አናጢው ከሆስፒታል ወጥቶ በግራ እጁ መላግ እየተለማመደ ነው፤ ቀኝ እጁም ትንሽ ትንሽ መታዘዝ ጀምሯል። እኔም መኪና ውስጥ መጠበቅ ትቻለሁ። አማኝ ሆኜ ግን አይደለም፤ የአማቴን ዳቦ የምይዘው እኔ ስለሆንኩ ነው።

ባለፈው እሑድ መዝሙር ሊጀመር ሲል የቀድሞው መሪ በሩ ላይ ብቅ አለ። መግባትም መመለስም አቅቶት ቆመ። የሚያየው በዛ፤ ቦታ የሚለቅለት ግን አልተገኘም። አናጢው ዞር ብሎም አላየው፤ አልፈርድበትም። እኔ ደግሞ «ማን ና አለው?» ብዬ ልነሣ ስል አማቴ ጉልበቴን ጫን አደረጉኝ። እንደ ፍሬን።

ራሳቸው ሄደው ክንዱን ይዘው ወደ እኛ አግዳሚ አመጡትና እሳቸው ጠጋ ብለው አስቀመጡት።

«ፍርድ ቤት ያየሁትን አንድም ሳላስቀር እናገራለሁ» አሉት። «እንዳትሳሳት።»

«አውቃለሁ፣ እናታችን።»

«እንግዲያው ዘምር። መዘመር ማን ከለከለህ?»

የመዝሙር መጽሐፋቸውን በመካከላቸው ዘረጉት። እሱም ዘመረ። ያለ ማይክራፎን ድምፁ ቀጭን ነበር፤ አማቴም ዜማውን ሲያበላሽ በክርናቸው ጎሸም ያደርጉት ነበር።