የዓሣ ገበያው ብርሃን

ጊል ቦሚ መልእክቱን ደጋግማ አነበበችው። የሚያስደስት መልእክት ነው፤ ችግሩም ያ ነበር። «ኢንተርኔት ላይ የሥዕል ገጽሽን አየሁት። ሥራ እየፈለግሽ ከሆነ ላስተካክልልሽ። ክፍያ አልፈልግም» ይላል። የላከችው ታክ ሚራን የምትባል፣ ከቦሚ ዩኒቨርሲቲ ቀደም ብላ ተመርቃ ከሴኡል አጠገብ ፓንግዮ ካሉት የኮምፒውተር ጌም ኩባንያዎች በአንዱ የምትሥል ሴት ናት። ቦሚ ፊቷን አይታ አታውቅም።

«ክፍያ አልፈልግም?» አለች አብራት የምትኖረው ኦክጁ፣ ራምየን የሚባለውን ፈጣን ፓስታዋን በድስቱ ክዳን ላይ እያቀዘቀዘች። «እዚህ ሴኡል ውስጥ ማን ነው ሰውን በነፃ የሚረዳው? ወይ የሆነ ኑፋቄ ውስጥ ልትከትሽ ነው፣ ወይ ሥዕልሽን ልትሰርቅ ነው።»

«ደግ ሰው ብትሆንስ?»

«አይ አንቺ! ጠርጥር፣ ከገንፎ ውስጥ አይጠፋም ስንጥር።»

መጠርጠሩንማ ቦሚ ማንም ሳያስተምራት ታውቅበታለች። ግን ምን ታድርግ? የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ናት፤ ያላመለከተችበት የጌም ኩባንያ የለም፣ መልስ የሰጣትም የለም። እስከ ፀደይ ሥራ ካላገኘች አባቷ ወዳሉበት የወደብ ከተማ ጉንሳን ወርዳ የደረቅ ዓሣ ሱቃቸው ልትገባ ቃሏን ሰጥታለች። እዚያ ከገባች ደግሞ ብሩሽ የሚባል ነገር አበቃለት። ስለዚህ እሺ አለች።

ሚራን በስልክ ስታስተካክል ምሕረት የሚባል ነገር አልፈጠረባትም። «ይሄ ይውጣ። ይሄም ይውጣ። ይቺ ሰይፍ የያዘች ልጅማ ዛሬውኑ ትውጣ፤ እሷን ያልሣለ ተማሪ የለም። ስሚ፣ አለቆቹ ገጽሽን የሚያዩት ቡናቸውን እያማሰሉ ነው። የመጀመሪያው ሥዕል ካልያዛቸው አለቀልሽ።» ጅምር ንድፎቹን ካለቁት ሥዕሎች ጎን አስደረደረቻት፤ እጇ እንዴት እንደሚያስብ ይታይ ብላ። በየሥዕሉ ሥር የተጻፈውን ስታነብማ ሳቀችባት። «‹የብቸኝነት ትዝታ›? ትዝታሽን ማን ጠየቀሽ? ምን እንደሠራሽ በሰው ቋንቋ ጻፊ እንጂ!»

ገጹ አማረ። እውነቱን ለመናገር በጣም አማረ። ቦሚ ግን ገጹ ባማረ ቁጥር፣ ይቺ ሴትዮ መጨረሻ ላይ ምን ልትጠይቀኝ ነው እያለች ትብሰለሰላለች።

መጨረሻውም መጣ። «የዓሣ ገበያው ይውረድ» አለች ሚራን።

ቦሚ ጆሮዋን አላመነችም። የዓሣ ገበያው ከሁሉ ፊት ያለው ሥዕል ነው፤ ዝናብ ያባራበት ንጋት፣ የሻጮቹ አምፖል ብርሃን በእርጥቡ ወለል ላይ ተንጣልሎ። ዩኒቨርሲቲ ሳትገባ በወረቀት ላይ በቀለም የሠራችው፣ ያየው ሁሉ የሚያወድሰው፣ እሷም የምትኮራበት ሥዕል።

«እትዬ፣ እሱ እኮ ምርጡ ነው።»

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ ለምን ይወርዳል?»

ሚራን «ላንቺ ብዬ ነው፤ አውርጂውና ለምን አትበይኝ» ብላ ስልኩን ዘጋችው።

ላንቺ ብዬ ነው! በዚህ ዓለም ላንቺ ብዬ ነው ተብሎ ያልተሠራ ተንኮል የት አለ? ቦሚ ሥዕሉን አላወረደችውም። እንዲያውም በዚያው ሳምንት አንዱ ኩባንያ፣ ያውም ሚራን የምትሠራበት ራሱ፣ ለፈተና ጠራት። «በተለይ የዓሣ ገበያውን ሥዕል ወደነዋል» ይላል ደብዳቤው። ኦክጁ እልል ከማለቷ በፊት የሚራንን የራሷን ገጽ ከፍታ መበርበር ጀመረች፤ ትንሽ ቆይታም ጮኸች።

«ነይ እዪ! ነይ!»

የቆየ ሥዕል ነው፤ ጠባብ መንገድ፣ ዝናብ፣ አምፖል። በእርጥቡ አስፋልት ላይ የተንጣለለው ብርሃን ያው የቦሚ ብርሃን ነው።

«አላልኩሽም? እጅ ከፍንጅ!» አለች ኦክጁ። «ካንቺ ሰርቃ ሠርታለች፤ እንዳይነቃባት ያንቺን አውርጂ ትልሻለች። ያልጠረጠረ ተመነጠረ፣ እህቴ!»

ቦሚ ደሟ ፈልቶ ሚራንን ካፌ ቀጠረቻት። ሚራን አጭር፣ ዓይኗ ሥር የጠቆረ፣ ድካም የተጫናት ሴት ሆና ተገኘች። ገና ከመቀመጧ ቦሚ ስልኳን ፊቷ ላይ ዘረጋችላት።

«ሚራን» አለቻት፣ እትዬም እርስዎም ሳትል፤ እንዲህ ያለ ድፍረት በሕይወቷ ፈጽማ አታውቅም። «ይሄን ብርሃን ከየት አመጣሽው?»

አጠገባቸው ያሉት ሰዎች ዞር አሉ። ሚራን አልተቆጣችም፤ ስልኩን አየችው፣ ቦሚን አየቻት፣ ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣

«ተነሺ እስቲ፣ አንዴ» አለች።

ቦሚ ተነሣች። ለምን እንደተነሣች ሳታውቅ ወንበሯን ለቅቃ ቆማ ተገኘች፤ ያኔ ነው ሁሉም ነገር የመጣላት።

የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተናው ክረምት ነበር፣ ሆንግዴ በሚባለው የሴኡል ሰፈር ያለው የሥዕል ማሠልጠኛ። ተማሪው በበርጩማ ተደርድሮ ይሥላል፤ ረዳት አስተማሪ ከኋላ ይመጣና «ተነሺ እስቲ፣ አንዴ» ይላል፤ ትነሻለሽ። በርጩማሽ ላይ ተቀምጦ፣ ብሩሽሽን ተቀብሎ ያስተካክልልሻል። የማን ሥዕል ነው ብሎ የሚጠይቅ የለም፤ ሁሉም እንዲያ ነው የተማረው። ኮፍያዋን ዓይኗ ድረስ የደፋች፣ አፏን በጭምብል የሸፈነች አንዲት ረዳት ነበረች። እሷ ስትቀመጥ ቦሚ ትኩስ የዓሣ ሾርባ ልትጠጣ ወደ ኮሪደሩ ወጣች። ስትመለስ ሥዕሏ ላይ ደረቅ የነበረው ወለል ረጥቦ፣ አምፖሉም በርቶ ጠበቃት።

«ማን እንደሆኑ ፊትዎን እንኳ አላየሁም» አለች ቦሚ፣ ተመልሳ እየተቀመጠች።

«ማን ያያል! እኔም እኮ መጀመሪያ ሌባ ብዬ ልጽፍልሽ ነበር» አለች ሚራን። «ብርሃኔን በማላውቃት ልጅ ገጽ ላይ ሳየው አንገቴ ድረስ ነደድኩ። ቀረብ ብዬ ሳየው ግን ዓሦቹን አስታወስኳቸው። ምን ዓይነት ዓሦች ናቸው! እኔ እንደዚያ አድርጌ ዓሣ መሣል አልችልም። ዓሦቹ ያንቺ ናቸው።»

«ታዲያ ለምን አልነገሩኝም፣ እትዬ?»

«ምርጡ ሥዕልሽ ያንቺ አይደለም ብዬ? በየት አፌ? ፈተናው ላይ ግን ያንን ብርሃን ፊታችን ሥሪው ይሉሻል። ያን ጊዜስ?»

ቦሚ እዚያው ጠረጴዛ ላይ አለቀሰች፤ ኀፍረትም ነበረበት፣ ንዴትም ነበረበት። ከዚያ አፍንጫዋን ጠርጋ ሥዕሉን ከገጹ አወረደችው፤ ለኩባንያውም ብርሃኑ የእሷ እጅ እንዳልሆነ ጻፈች። «በተባለው ቀን ይምጡ» የሚል ደረቅ መልስ መጣላት።

«ሊያዋርዱሽ ነው የጠሩሽ፣ እንዳትሄጂ» አለች ኦክጁ። ቦሚ ግን ሄደች።

ፈታኙ ሽበት ጣል ጣል ያለበት የሥዕል ክፍሉ አለቃ ነው። ስለ ዓሣ ገበያው አንድም ቃል አላነሣም። «የራስዎን ይሥሩልን» ብሎ ወረቀትና ቀለም አስቀመጠላት። ቦሚ የአባቷን ሱቅ ጀመረች፤ ቀትር ላይ፣ ምንም ውበት በሌለው ፀሐይ። እጇ ደርቋል። ጣሪያው ተንጋደደባት፤ እንደተንጋደደ ታየዋለች፣ ከኋላዋ የቆመው ሰውም እያየው ነው። ትንፋሹ ይሰማታል። ትንሽ ታገሠ፣ ጉሮሮውን ጠራረገ፣ በመጨረሻ አላስችል አለው።

«ተነሺ እስቲ፣ አንዴ።»

አንቱታውን ረስቶታል። እጁ ለብሩሹ ተዘርግቷል። የቦሚ እግሮች ሊነሡ ሲሉ የወንበሩን ጠርዝ በግራ እጇ ጨብጣ ያዘችው። ጉንሳን፣ የደረቁት ዓሦች፣ የአባቷ ፊት፣ ሁሉም ባንዴ ታያት።

«ይቅርታ፣ አልነሣም» አለች። «ጣሪያው እንደተንጋደደ አውቃለሁ። እኔው አስተካክለዋለሁ።»

ሰውየው ጆሮው ድረስ ቀላ፤ የተዘረጋው እጁ አየር ላይ ቀረ። ቀስ ብሎ ሰበሰበው።

«ያስተካክሉት» አለ፣ አንቱታውን መልሶ።

ቦሚ ብሩሿን አጠበችና ጣሪያውን እንደገና ጀመረች።