ከውሃ ታንከሩ ጀርባ

ደስታው በአንድ ሳምንት ውስጥ ነጯን ኳስ አራት ጊዜ ቀዳዳ ከተታት። በፑል ነጯ ሌሎቹን ለመምታት እንጂ ለመግባት አልተሠራችም። ለጀማሪ ይታለፋል፤ በእኛ ሰፈር፣ ካርቲየ 5 ውስጥ፣ ሦስት ዓመት ማንም ላልረታው ሰው ግን ያስጠይቃል። አራተኛዋ ስትገባ ወንድሜ ጀላሉዲን ከባንኮኒው ቀና ብሎ አየኝ።

ሰዉ ለሶላት ሲወጣ ጠብቆ ጠጋ አለኝ።

"ይጠጣል" አለ።

"ሲጠጣ አላየሁም።"

"እንግዲያው እዪ። ዓይን ያለሽ አንቺ ነሽ። ሁለት ሳምንት አለሽ፤ ከጨዋታው በፊት ቁርጡን ንገሪኝ። ጠጪ በዚህ ቤት ስም ድሬዳዋ አልልክም።"

ፑል ቤቱ የአባታችን ነበር። ሁለት ጠረጴዛ፣ ግድግዳውን ተከትሎ የተዘረጋ የመቃሚያ ፍራሽ፣ ወደ ጓሮ የሚያስወጣ አንድ በር። ሻይና ለስላሳ እንሸጣለን። አልኮል ክልክል መሆኑን በፈረንሳይኛ፣ በዓረብኛና በአማርኛ ለጥፈናል። እኔ ጠዋት ሆስፒታል ላብራቶሪ እሠራለሁ፤ ከሰዓት በኋላ እዚህ ነጥብ እይዛለሁ። ድሬዳዋ ለሚደረገው ውድድር ቤታችን የሚልከው አንድ ሰው ነው። የቀሩት ሁለት ናቸው፤ ደስታውና ቸሩ። ሁለቱ አርብ አሥር ሰዓት ላይ ይገጥማሉ፤ ላሸነፈው ጀላል የምስክር ደብዳቤ ይጽፍለታል።

ለቸሩ ዋንጫ ነው። ለደስታው ሌላ ነው። ወደብ አጠገብ የጭነት መኪና ይጠግናል፤ ካርቲየ 7 ቢስ ውስጥ ብቻውን ይኖራል። የአሥራ አምስት ዓመት ልጁ ድሬዳዋ አክስቷ ጋ ናት። ከሁለት ዓመት በፊት የትምህርት ቤት ሽልማት ስትቀበል ሰክሮ ሄዶ ከመድረኩ ሥር ወደቀ። ከዚያ ወዲህ ስልኩን አንስታለት አታውቅም። ባለፈው ወር ግን አንድ መልእክት ላከች፤ "ሳትጠጣ መምጣት ከቻልክ ና።" ፑል ቤቱ ውስጥ ያላሳየው ሰው የለም። ጀላል በመጠጥ ከከለከለው ወሬው ከባቡሩ ቀድሞ ድሬዳዋ እንደሚገባ ሁላችንም እናውቃለን።

ደብተር ገዝቼ አምስት ዓምድ አሰመርኩ፤ ሰዓት፣ የገባ፣ የሳተ፣ የወጣበት ደቂቃ፣ ሽታ። ከዚያ አርብ ሌላ፣ የቤቱ የዘወትር የውድድር ቀኖች እሁድና ማክሰኞ ናቸው።

እሁድ ዘጠኝ ተኩል ላይ በጓሮው በር ወጣ። በአራተኛው ደቂቃ ተመለሰ። አፉ ቅርንፉድ ቅርንፉድ ይላል። ቸሩ ጠረጴዛው ላይ ተደግፎ ስቲኩን በጠመኔ እያሸ ነበር።

"ወርያ ደስታው! ጓሮ ውስጥ ሚስት ደብቀሃል እንዴ?"

"ሚስት ብትሆን በአራት ደቂቃ ትለቀኝ ነበር?"

ቤቱ በሳቅ ተሞላ። እኔ ጻፍኩ።

ማክሰኞ እሱ ከጓሮ ሲመለስ እኔ ወጣሁ። ከውሃ ታንከሩ ጀርባ፣ በጥላው በኩል፣ ግማሽ ሊትር የውሃ ጠርሙስ ቆሟል። ክዳኑን ከፍቼ አሸተትኩት። አረቄ ነው። በደረሰበት ልክ ፕላስቲኩን በጥፍሬ ጫርኩና እንደነበረ አድርጌ መለስኩት።

በዚያ ቀን ለጀላል መንገር እችል ነበር። ያላስቻለኝ ደብተሩ ነው።

መጠጡ ደስታው ላይ የሚሠራውን በቁጥር አይቼዋለሁ። ከመጀመሪያው ጉንጭ በኋላ ከአሥር ምት አንድ ይስታል። ከሁለተኛው በኋላ ይደፍራል፤ ቀላል ኳስ አጠገቡ እያለ የጠረጴዛውን ጠርዝ አስመትቶ የሚገባውን ይመርጣል። ከሦስተኛው በኋላ ዓይኑ አሁንም ደህና ነው፤ የጠፋው የጉልበቱ ልክ ነው። የመታት ኳስ ትገባለች፤ ነጯ ግን መቆም ያለባት ቦታ አትቆምም፤ ስትሮጥ ሄዳ ከሌሎቹ ጀርባ ትደበቃለች ወይም ቀዳዳ ትገባለች። አራቱም ጊዜ የገባችው በመጨረሻው ሰዓት ላይ ነው። እስከዚህ ድረስ ጀላል ትክክል ነው።

ግን ገና ሳይጠጣስ? ከዘጠኝ እስከ ዘጠኝ ተኩል፣ ጓሮ ሳይወጣ፣ ከአሥር ምት አምስት ስቷል። ግራ እጁ ጨርቁ ላይ አያርፍም፤ ጣቶቹ ይርገበገባሉ። ሰው ጠርሙሱን ሳይከፍት አይሰክርም። ሰኞና ረቡዕ ደግሞ ለልምምድ ሲመጣ እጁ አይንቀጠቀጥም፣ ጓሮ አይወጣም፤ ረቡዕ የጠርሙሱም መጠን ከጫርኩበት አልወረደም።

በውድድር ቀን ብቻ የሚሆን አንድ ነገር አለ ማለት ነው። ቸሩን ጠረጠርኩ።

ቸሩ የትራንዚት ሠራተኛ ነው፤ ሸሚዙ የተተኮሰ፣ አፉ ጣፋጭ። በውድድር ቀን ከደስታው ጎን ካልሆነ አይቀመጥም። በሚቀጥለው እሁድ የደስታውን ሻይ ራሴ ቀድቼ፣ ራሴ አድርሼ፣ ጠጥቶ እስኪጨርስ ብርጭቆው ላይ አፈጠጥኩ። ስቲኩን ጠረጴዛ ላይ አንከባለልኩት፤ ቀጥ ያለ ነው። ጠመኔውን በሌላ ቀየርኩት። ደስታው እንደገና ከአሥር አምስት ሳተ፣ እንደገና ጓሮ ወጣ። በራሴ አፈርኩ። ንጹሕ ሰው ስጠረጥር ቆይቼ ይሆናል ብዬ ለቸሩ ሻይ በነፃ ሰጠሁት።

ማክሰኞ ወለሉን ስጠርግ መጥረጊያዬ ቆመ። ከደስታው መቀመጫ ሥር የጫት ገረባ ተከምሯል፤ ቅጠሉ የተበላ እንጨት፣ ክንድ የሚያህል ቁልል። ከቸሩ መቀመጫ ሥር አንዲት እንጨት የለችም።

የድሮው ባቡር ጣቢያ ጡረተኛ ጋሽ ገብረኪዳን ጥጋቸው ላይ ነበሩ።

"ጋሼ፣ ደስታው ዛሬ ምን ያህል ቃመ?"

"ሁለት ዙርባ ጨረሰ። ያውም የአወዳይ! እኔ አንዷን ለሁለት ቀን አብቃቃለሁ።"

"ከየት አመጣው?"

"ቸሩ ነዋ። በጨዋታ ቀን ባዶ እጁን መጥቶ ያውቃል? ደግ ልጅ ነው። እኔን ግን አንድ ቀን እንኳን 'እንኩ' አላለኝም።"

አይቼው ነበር እኮ። በየውድድሩ ቀን ቸሩ ፌስታሉን ዘርግቶ "ያንተ ነው ወንድሜ፣ ጠዋት የተቆረጠ ነው" ሲል በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ዓምድ ግን አልሠራሁለትም። ሰባት ሰዓት ላይ የጫቱ መኪና ጡሩምባ ሲሰማ ከተማው ሁሉ የያዘውን ጥሎ ይወጣል፤ እዚህ አገር ሰው ቃመ ብሎ መጻፍ ተነፈሰ ብሎ እንደ መጻፍ ነው። እኛ የምንጠብቀው ጠርሙሱን ነው።

ሐሙስ ደስታውን ጓሮ ጠራሁትና ጠርሙሱን አሳየሁት።

"ይሄ ምንድን ነው?"

"ውሃ ነው።"

"በል ለእኔም አንድ ጉንጭ ልቅመስ።"

"ኧረ ነጁ፣ በአላህ! ይሄማ አንቺ አፍ አይገባም።" ነጠቀኝና ሊስቅ ሞከረ፤ አልሆነለትም። ታንከሩ ሥር ቁጢጥ አለ። "ለጀላል ነገርሽው?"

"ገና ነው። ለምንድን ነው የምትጠጣው?"

"ለመስከር አይደለም። ጫቱ እጄን ይነዝረዋል። ካልሰበርኩት ስቲክ አልይዝም። ጨብሲ ነው፣ ለመስበሪያ ብቻ። ከዚያ ደግሞ አንዷ ጉንጭ አትበቃም።"

"ታዲያ በጨዋታ ቀን ለምን ትቅማለህ?"

"ሰው ያመጣልኝን በሰው ፊት ልመልስ? እንደሱ አላደግሁም።"

"በጨብሲ ስበረው ያለህ ማን ነው?"

ትንሽ አሰበ። "ቸሩ መሰለኝ። ስንቀጠቀጥ አይቶ አዘነልኝ፤ 'አንድ ጉንጭ ያረጋጋሃል' አለኝ።"

ገብቼ ወንድሜን ጠየቅሁት።

"ጀላል፣ ደስታው ይጠጣል ብሎ የነገረህ ሰው አለ?"

"ቸሩ። ልጁ አዝኖ ነው የነገረኝ፤ 'እንዳትቆጣው፣ ወንድሜ ነው' እያለ።"

ጫቱን የሰጠ፣ አረቄውን የመከረ፣ ለፑል ቤቱ ባለቤት የተናገረ አንድ ሰው ነው። ሦስቱም ለየብቻ ደግነት ናቸው። ለጀላል ያገኘሁትን ሁሉ ነገርኩት፤ ጠርሙሱን ሳይቀር። "አንድ ነገር ግን ይቀረኛል፤ ነገ አይቼ ልጨርስ" አልኩት። ጢሙን ዳሰሰ። ለደስታው ስለ ቸሩ ምንም አላልኩትም። ማረጋገጫ አልነበረኝማ።

አርብ ከጁምዓ በኋላ ቤቱ ሞላ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ቸሩ ፌስታሉን አንጠልጥሎ ገባ። ከሌላው ቀን ይተልቃል።

"ወንድሜ ደስታው! ዛሬ ብንገጥምም ያው ወንድማማች ነን። እንካ፣ ያንተ ነው።"

ደስታው እጁን ዘረጋ። ከባንኮኒው ሆኜ ተናገርኩ።

"ቸሩ፣ ይሄ ሁሉ ለአንድ ሰው ይበዛል። ለምን እኩል አትካፈሉትም?"

"እኔ እንኳን ይቅርብኝ፣ ነጁ።"

"ለምን?"

"ሆዴን ትንሽ ያመኛል።"

ጋሽ ገብረኪዳን ማላመጣቸውን አቆሙ። "ትናንት ከእኔ ጎን ተቀምጠህ ስትቅም ሆድህን የት አስቀምጠኸው ነበር?"

ሰው ሳቀ። ቸሩም ሳቀ። "ኧረ ጋሼ! ዛሬ ጨዋታ አለብኝ እኮ" አለ።

ሳቁ ወዲያው አልቆመም፤ አንድ በአንድ ነው የጠፋው። የደስታው እጅ ፌስታሉ ላይ እንዳለ ቀረ። ቸሩን አየ፣ ፌስታሉን አየ፣ የገዛ ጣቶቹን አየ።

"እኔስ ጨዋታ የለብኝም?" አለ ቀስ ብሎ።

"አንተ ትወዳለህ ብዬ ነው... ወንድሜ፣ ምን ማለትህ ነው?"

ደስታው ፌስታሉን አንስቶ የጋሽ ገብረኪዳን ጭን ላይ አስቀመጠው። ጀላል ከወንበሩ ተነሥቶ የጓሮውን በር ቆለፈና ቁልፉን ኪሱ ከተተ።

"ዛሬ ሁለታችሁም ባዶ አፋችሁን ትጫወታላችሁ። ደስታው፣ ከታንከሩ ጀርባ ያለውን አውቃለሁ። ከእንግዲህ አንድ ጠብታ ባገኝ እዚህ ቤት አትገባም። ቸሩ፣ አንተን የምልህን ገና አላሰብኩትም።"

አምስት ጌም ቀድሞ የወሰደ ያሸንፋል። የደስታው እጅ መረጋጋቱን ስጠብቅ አልተረጋጋም። የጫቱ ንዝረት የለም፤ ግን የለመደውን ጉንጭ የሚፈልግ እጅ ነበር። ሁለት ጊዜ ፊቱን ወደ ጓሮው በር ሲያዞር አይቻለሁ፤ ጻፍኩት። ሁለት ጌም በተከታታይ ተሸነፈ። ከዚያ መድፈር ተወ። ቀላሉን ይመርጣል፣ ቀስ ብሎ ይመታል፣ ነጯ ያሰበላት ቦታ ትቆማለች። የቸሩ የተተኮሰ ሸሚዝ ጀርባው ላይ ተለጠፈ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ከአሥር ሦስት ሲስት አየሁት። አራት ለአራት ሆኑ።

ለደስታው በመጨረሻ የምትገባው ጥቁሯ ኳስ ብቻ ቀረችው። የማዕዘኑ ቀዳዳ አፍ ላይ ናት፤ ነጯ ግን ተከትላት ለመግባት የተመቻቸች ናት። በጉልበት ከመታ ሁለቱም ይገባሉ፣ ይሸነፋል። ጎንበስ አለ። ጣቶቹ ጨርቁ ላይ ተርገበገቡ። ቀና አለና መዳፉን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ ቆመ። ለአንድ ምት የምንፈቅደው አንድ ደቂቃ ነው።

"ሰዓት!" አለ ቸሩ። "ነጁ፣ ሰዓት አልቋል!"

"ሃምሳ አንድ ነው። ዘጠኝ ሰከንድ አለው።"

በሃምሳ ስድስት ጎንበስ አለ። ጥቁሯ ስትወድቅ ድምፅ እንኳን አልነበራትም። ነጯ ተከተለቻት፤ እየደከመች፣ እየደከመች ሄዳ ከአፉ አንድ ስንዝር ሲቀራት ቆመች።

ጩኸቱ ሳይበርድ ቸሩ ስቲኩን ቦታው ሰቅሎ ወጣ። "እንኳን ደስ አለህ" ማለቱን ሰምቻለሁ፤ ፊቱን አላየሁትም። እስከ ዛሬ በተንኮል ይሁን በየዋህነት ብጠየቅ በማስረጃ መመለስ አልችልም። ደብተሬ ግን ስድስተኛ ዓምድ አለው፤ ጫቱን ማን አመጣው።

ጀላል ወረቀትና ማኅተም አመጣ። "ጻፊ፤ 'አቶ ደስታው ጨዋ፣ መጠጥ የሚባል የማይቀምስ...'"

እኔ የጻፍኩት ይህ ነው፤ "አርብ ከዘጠኝ ሰዓት እስከ አሥራ አንድ ተኩል ከዓይኔ አልተለየም። ጫትም መጠጥም ሳይቀምስ አምስት ለአራት አሸንፏል።"

"ይሄ ምን ዓይነት ደብዳቤ ነው?" አለ ጀላል። "የደም ምርመራ ውጤት አስመሰልሽው እኮ!"

"ያየሁት ይሄንኑ ነው።"

ደስታው ወረቀቱን ተቀብሎ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ሁለት ጊዜ አነበበው። ቅር ይለዋል ብዬ ፈርቼ ነበር። ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ በስልኩ ፎቶ አነሳው።

"የጀላልን ብትጽፊ ልጄ አታምንም ነበር" አለኝ። "የአንድ ቀኑን ግን... የአንድ ቀኑን ታምነኛለች።"

ሊልክላት ስልኩ ላይ አቀረቀረ። መላኪያዋን ምልክት ለመንካት አውራ ጣቱ ሁለት ጊዜ ሳተ። በሦስተኛው አገኛት።