ያልታጠበች ጀልባ

የእኛን ሐይቅ እንቦጭ ዓይናችን እያየ ዋጠው። ባለቤቴ ሞተሩን ባስነሳ ቁጥር ሥሩ ፕሮፔለሩ ላይ ተጠምጥሞ ያንቀዋል፤ መረቡን ቢጥል ቅጠል ይዞ ይወጣል። ዓሣው ከሥር ታፍኖ አለቀ። ጎረቤቶቻችን ጀልባቸውን እየሸጡ ወደ ከተማ ገቡ። እኛ ግን ሁለታችንም ግትሮች ነን፤ ጀልባችንን በጭነት መኪና አስጭነን አባቴ ወደሚያሰግርበት ሐይቅ ሄድን።

የአባቴ ሐይቅ ንጹሕ ነው። ንጹሕ ሆኖ የቆየውም አባቴ ክፉ ሽማግሌ ስለሆነ ነው። የአስጋሪዎቹ ሰብሳቢ እሱ ነው፤ «ሳይቃጠል በቅጠል» ብሎ ከሌላ ሐይቅ የመጣ ጀልባ ተፈግፍጎ ሳይታጠብና ፀሐይ ላይ ሳይደርቅ ውሃ እንዳይነካ ደንብ ያወጣውም እሱ ነው። በዚህ ደንብ የገዛ ወንድሙን ከነጀልባው መልሶት እስከ ዛሬ አይነጋገሩም። እኛ ስንደርስ ግን አንገቴን አቅፎ አለቀሰ።

«አባዬ፣ ጀልባዋ እኮ አልታጠበችም» አልኩት።

«ተዪ ልጄ፣ ከስታችሁ የለም እንዴ! ባልሽ ነገውኑ ሥራውን ይጀምር።»

አባት ለልጁ ሲል ሲረታ ደስ የማይለው ልጅ አለ? ደስ አለኝ።

ዝናቡ እንዳለፈ ጀልባዎች ከሚታሰሩበት አጠገብ እንቦጭ ብቅ አለ። አስጋሪዎቹ እስከ ደረታቸው ገብተው ነቀሉት። ከየት እንደመጣ ሁሉም ያውቃል። ግን አባቴን ያከብሩታልና አንደኛው፣ «ወፍ ይሆናል ያመጣው» አለ። «አዎ፣ ወፍ ነው» ተባባሉ። አባቴ መሬት መሬቱን እያየ ዝም አለ። ውሸት ሰምቶ ዝም ሲል አይቼው አላውቅም፤ አንጀቴን በላኝ።

ከሳምንታት በኋላ ከባለቤቴ ጋር መረብ ልናነሳ ስንወጣ ሸምበቆው ውስጥ ለምለም ነገር አይቼ ደነገጥኩ።

«እባብ ያየ በልጥ በረየ አሉ!» ብሎ ሳቀብኝ። ሸምበቆውን ሲገልጠው ሳቁ ቆመ። እንቦጩ አብቦ ውስጥ ለውስጥ ተንሰራፍቷል።

«ዝም በይ» አለኝ። «ሁለታችን ቀስ እያልን እንነቅለዋለን። ከተናገርን ከዚህም እንባረራለን። ደግሞስ አባትሽ ሰው ፊት ቆሞ ምን ይበል?»

የእኛ ሐይቅ ላይም «ቀስ እያልን» ብለን ነበር። መቅዘፊያውን ነጥቄ ጀልባዋን ወደ ዳር መለስኳት። አባቴ ከአስጋሪዎቹ ጋር ተቀምጦ መረብ ይጠግናል።

«አባዬ፣ ወፍ አይደለም!» አልኩ ከጀልባዋ ሳልወርድ። «እኛ ነን ያመጣነው። ሸምበቆውን ሞልቶታል።»

መረቡ ከእጁ ወደቀ። ቀና ብሎ ሲያየኝ፣ ከእንግዲህ ልጄ አይለኝም ብዬ ፈራሁ።

«እነሱ አይደሉም፤ ደንቡን ያፈረስኩት እኔ ነኝ» አላቸው ለጓደኞቹ። «ሁላችሁም ወደ ሸምበቆው ሂዱ። የልጄ ጀልባ ግን ከውሃ ትውጣ። የእኔም ትውጣ።»

«ኧረ ጋሼ…» አለ አንዱ። ማንም አልተንቀሳቀሰም። አባቴ ሱሪውን ሰብስቦ ውሃው ውስጥ ገባና ዕድሜውን ሙሉ የሠራባትን ጀልባ ብቻውን ይጎትት ጀመር። አልቻላትም። ባለቤቴ ከጎኔ ዘሎ ወረደና ከኋላ ይገፋለት ጀመር።